ጳጉሜን 2186

ጠዋት ተነስቼ ላፕቶፑን ስከፍት አንድ ድረ ገጽ እንዲፈትሽልኝ የጻፍኩት ስክሪፕት አሁንም እየሠራ ነው። ማታ 3 ሰዓት ላይ አስነስቼው ነበር የተኛሁት። እንደኔ ግምት ግማሽ ሰዓት ቢፈጅበት ነው፤ ድረ ገጹ ተቆጥሮ 80 ገጽ አይሞላም። የመጨረሻውን መስመር አየሁት። እየፈተሸ ያለው የጳጉሜን 2186 ካላንደር ነው። ደብረ ብርሃን ነን፣ ኅዳር ነው፣ ውጭ ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኗል፣ እኔ ጋቢ ተከናንቤ ቆሜያለሁ፣ ማሽኔ ደግሞ ከ160 ዓመት በላይ ወደፊት ነጉዶ የጳጉሜን ቀናት በምን ዓይነት ቀለም እንደተጻፉ ይመረምራል።

ነገሩ የጀመረው በስልክ ነው።

ደብረ ሲና የሚኖሩ፣ ጡረታ የወጡ መምህር አሉኝ። ሁለተኛ ደረጃ ሳለሁ ታሪክ ያስተማሩኝ ናቸው። ዓይናቸው አያይም። እኛን ሲያስተምሩም አያዩም ነበር፤ ግን ከኋላ ወንበር የሚንሾካሾከውን በድምፁ ለይተው በስሙ ይጠሩታል። ላፕቶፕ የለመዱት ከጡረታ በኋላ ነው። አንድ ቀን ደወሉና፣ «አንተ ልጅ፣ ያ የሠራኸው ድረ ገጽ ላይ የሥራ ማስታወቂያ ወጥቷል አሉኝ። ለልጄ ልነግራት ብዬ ብገባ ‹ግራፊክ› ይለኛል። ወደታች ብሄድ የለም፣ ወደላይ ብመለስ ግራፊክ። ምን ማለት ነው?» አሉኝ።

ግራፊክ ማለት ፎቶ ነው። ማስታወቂያው በወረቀት ታትሞ፣ ማኅተም ተመትቶበት፣ በስልክ ፎቶ ተነስቶ ነው የተለጠፈው። የስክሪን ሪደር፣ ማለትም ስክሪኑ ላይ ያለውን ለማያይ ሰው ጮክ ብሎ የሚያነበው ፕሮግራም፣ ፎቶ ውስጥ ያለ ጽሑፍ አይታየውም። በስልክ አነበብኩላቸው። አመሰገኑኝና ዘጉ። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ደስ አላለኝም፤ ባለፉት ዓመታት እዚህ አካባቢ የሠራኋቸውና አሁንም የምጠግናቸው 11 ድረ ገጾች አሉ፣ ሌሎቹስ ምን ይመስላሉ? አንድ ባንድ ከፍቶ ማየት የወር ሥራ ነው። ማሽን ይሥራው አልኩ።

የፈለግኩት ቀላል ነገር ነው። ከመነሻ ገጹ ይጀምራል፣ ያገኘውን ሊንክ ሁሉ ይከተላል፣ እያንዳንዱን ገጽ ከፍቶ ለአካል ጉዳተኛ የማይመቸውን ይመዘግባል፣ በሳምንት አንዴ ሪፖርት ይልክልኛል። በሙያው ክሮውለር ይባላል። እኔ ዘዋሪው እለዋለሁ።

ፈታሹን ከባዶ መሥራት አያስፈልግም። ፓ11ዋይ የሚባል ነፃ መሣሪያ አለ፤ አጻጻፉ ያስፈራል እንጂ ሲጠሩት «ፓሊ» ነው። 11ዱ ቁጥር አክሰሲቢሊቲ (accessibility፣ ተደራሽነት) በሚለው የእንግሊዝኛ ቃል መጀመሪያና መጨረሻ ፊደል መካከል ያሉትን 11 ፊደላት የሚተካ ነው። ፈረንጅም ረጅም ቃል ይሰለቻል። ፓሊ በውስጡ ክሮም ብራውዘርን ያለ መስኮት ይከፍትና ገጹን እንደ ሰው ይጭነዋል፣ ከዚያ አክስ-ኮር ወይም ኤችቲኤምኤል ኮድስኒፈር በሚባሉ የሕግ ስብስቦች ይፈትሸዋል። ሕጎቹ የተቀዱት ዊካግ ከምንለው የተደራሽነት መመሪያ ነው፤ የሚያወጣው ደብሊው3ሲ የሚባለው ዓለም አቀፍ የድረ ገጽ ደረጃዎች ተቋም ነው። የመጀመሪያው እትም እ.ኤ.አ. በ1999፣ የቅርቡ 2.2 ደግሞ በ2023 ወጣ። ኤ፣ ኤኤ፣ ኤኤኤ የሚባሉ ሦስት ደረጃዎች አሉት፤ አብዛኛው ሰው የሚይዘው መካከለኛውን ነው።

መጫኑ ብቻውን አንድ ቀን በላ። ብራውዘሩን አብሮ ያወርዳል፣ ከመቶ ሜጋባይት በላይ ነው፣ ግማሽ ላይ ሲደርስ መብራት ጠፋ። ሲመጣ እንደገና ከዜሮ። ፓኬጄ አለቀ። በሦስተኛው ሙከራ ወረደ።

የገጾቹ ዝርዝር በሳይትማፕ ፋይል ካለ ለፓሊ እሱን ሰጥቶ መገላገል ይቻላል። የእኔዎቹ ግን ወይ የላቸውም፣ ወይ ያለው ከተሠራበት ቀን ጀምሮ ያልታደሰ ነው። ስለዚህ ሊንክ ለቃሚውን ራሴ ጻፍኩት። 60 መስመር ኮድ ናት። ያልታዩ ገጾች ወረፋ ይይዛሉ፣ የታዩት ደብተር ላይ ይሰፍራሉ፣ ከድረ ገጹ ውጭ የሚወስድ ሊንክ ይዘለላል። በቃ። ማታ 3 ሰዓት ላይ ኩራት ቢጤ እየተሰማኝ አስነሳሁትና ተኛሁ።

ካላንደሩን ረስቼው ነበር። ድረ ገጹ ላይ የዝግጅቶች ካላንደር አለ፤ ከሥሩ «ቀጣይ ወር» የሚል ቀስት አለው። ራሴ ነኝ የሠራሁት፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ስለሆነ በጣም እኮራበታለሁ። ቀስቱ ማብቂያ የለውም። ሰው ቢሆን ሁለት ሦስት ወር ገፍቶ ይተወዋል። ዘዋሪው ግን ቀጣይ ወር አዲስ ገጽ ነው ብሎ ያምናል፣ እዚያ ሲደርስ ሌላ ቀጣይ ወር አለ፣ በዓመት 13 ጊዜ፣ ያውም አንዱ ወር ባለ አምስት ቀን ነው። ከ2017 ተነስቶ ጳጉሜን 2186 እስኪደርስ 2,200 ገጽ ያህል ፈትሿል። በየገጹ ያው አራት ስህተት ነው። ሪፖርቱ ሲደመር ወደ 8,800 ስህተት ሆነ። እውነተኛው ስህተት አራት ነው።

የሙያው ሰዎች ይህን ወጥመድ ድሮ ያውቁታል። እኔ አሁን አወቅኩት። የገጽ ጣሪያ 500 አደረግኩ፤ ከመነሻው ከስድስት ጠቅታ በላይ አትራቅ አልኩት፤ የካላንደር ሊንኮችን ካንዱ በቀር ዝለል አልኩት። ሪፖርቱንም ቀየርኩት። ስህተትን በገጽ መቁጠር ትርጉም የለውም፤ ግርጌው ላይ ያለች አንዲት የደበዘዘች መስመር በ80 ገጽ ላይ 80 ሆና ትመጣለች። አሁን ስህተቱና ቦታው አንድ ከሆነ አንዴ ይጻፋል፣ አጠገቡ «በ80 ገጽ» ይላል። ሪፖርቱ ከ60 ገጽ ወደ ገጽ ተኩል ወረደ።

ሁለተኛው ጉድ የሰዓት ነው። ላፕቶፕ ላይ መብራት ስለማይታመን ዘዋሪውን ትንሽ የኪራይ ሰርቨር ላይ አወጣሁት። ክሮን በሚባለው፣ ሥራን በተባለው ሰዓት በሚያስነሳው ፕሮግራም ላይ በየሳምንቱ ሰኞ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ጀምር ለማለት 8 ብዬ ጻፍኩ። ልብ በሉ፣ 8 ብዬ! ሰርቨሩ የሚያውቀው የዓለም ሰዓት ነው። የእሱ 8 ለእኛ ከረፋዱ 5 ሰዓት ነው። በዚያ ላይ ቶሎ እንዲጨርስ ብዬ አሥር ገጽ ባንዴ እንዲከፍት አድርጌው ነበር። ሰኞ ረፋድ ላይ ስልኬ ጮኸ። «ድረ ገጹ እኮ ሞተ! ባለጉዳይ ተሰልፏል፣ ቅጹን ማውረድ አልቻለም!» ቡናዬን ሳልጨርስ ሮጬ ዘዋሪውን ገደልኩት። ድረ ገጹ በሁለት ደቂቃ ነፍስ ዘራ። ምን እንደነበር ሲጠይቁኝ «ትንሽ የኔትወርክ መጨናነቅ ነው» አልኩ። ውሸት አይደለም፤ አጨናናቂው ማን እንደሆነ ነው ያልተናገርኩት።

አሁን የሚነሳው እሑድ በሰርቨሩ ሰዓት 23 ላይ ነው፤ እሱ ነው የእኛ የሰኞ ሌሊት 8 ሰዓት። ቀኑም አብሮ እንደሚቀየር አትርሱ፣ እኔ እሱንም አንድ ሳምንት ተሳስቼዋለሁ። ገጽ የሚከፍተው አንድ ባንድ ነው፣ በመሃል ሁለት ሰከንድ ይተነፍሳል። ሮቦትስ የሚባለውን ፋይል ያነብና አትግባ የተባለበት አይገባም። ስሙንና የእኔን ኢሜይል ይዞ ይዞራል፤ ማንነቱን ደብቆ ሰው ግቢ የሚገባ እንግዳ ጥሩ አይደለም። «ውጣ» እና «ሰርዝ» የሚሉ ሊንኮችንም አይነካም። ለምን እንደሆነ መናገር ያለብኝ አይመስለኝም።

ከዚያ ስህተቶቹን ማረም ጀመርኩ። በብዛት የመጣው የቀለም ንፅፅር፣ ማለትም ጽሑፉ ከመደቡ የሚለይበት መጠን ነው። ለመደበኛ ጽሑፍ ቢያንስ 4.5 ለ 1 መሆን አለበት። እኛ ደግሞ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ እንወዳለን፤ ነጭ መደብ ላይ ደማቅ ቢጫ ጽሑፍ 1.07 ለ 1 ነው፣ የለም ከማለት አይለይም። ስም የሌላቸው ቁልፎች፣ ምን እንደሚጻፍባቸው የማይናገሩ የቅጽ ሳጥኖች፣ መግለጫ የሌላቸው ፎቶዎች። ይህ የእኔ ብቻ ድክመት አይደለም። ዌብኤይም የሚባለው ተቋም እ.ኤ.አ. በ2024 የአንድ ሚሊዮን ድረ ገጾችን መነሻ ገጽ በማሽን ፈትሾ 95.9 በመቶው ላይ ስህተት አግኝቷል። ትንሽ አጽናንቶኛል። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ እንጂ የዚያ የመጀመሪያው ድረ ገጽ ሪፖርት ዜሮ ገባ።

ዜሮ! ቅዳሜ ሚኒባስ ይዤ ወደ ደብረ ሲና ወረድኩ።

ጣርማበር ላይ ጉሙ እንደ ልማዱ ነበር፤ ሾፌሩ ፊቱን መስታወቱ ላይ ለጥፎ ነው የነዳው። ዋሻውን አልፈን ቁልቁል ስንጀምር ሙቀቱ መጣ፣ ጃኬቴን አወለቅኩ። ጋሼ ቡና አስፈልተው፣ ቆሎ አስቀርበው ጠበቁኝ። ላፕቶፑን ከፈቱ። የሚጠቀሙት ኤንቪዲኤ ነው፣ ነፃ የስክሪን ሪደር ነው፤ አማርኛውን የሚያነብላቸው ኢስፒክ ነው፣ ድምፁ የብረት ቢሆንም አማርኛ ያነባል። ፍጥነቱን ከፍ አድርገውታል፣ ለእኔ ጩኸት ብቻ ነው።

ድረ ገጹን ከፈቱት። የእንግሊዝኛው ድምፅ መጣ። የአማርኛውን ፊደል እየዘለለ፣ በመሃል ቁጥሮቹን ብቻ በእንግሊዝኛ እየጠራ ወረደ።

«ምነው ጋሼ፣ ድምፁን ቀየሩት?» አልኳቸው።

«ያንተ ገጽ ነው የቀየረው» አሉኝ። «ራሱን እንግሊዝኛ ነኝ ይላል። እንዲህ ያሉ ገጾች ሲያስቸግሩኝ የቋንቋ መቀያየሪያውን አጠፋዋለሁ። ዛሬ አንተ እንድትሰማው ብዬ ነው ያበራሁት።»

ቴምፕሌቱ፣ ማለትም ድረ ገጹ የተሠራበት ዝግጁ ቅርጽ፣ ከውጭ የወረደ ነው። የመጀመሪያው መስመር ላይ የገጹ ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው ይላል። እኔ አልነካሁትም፣ ለዓይን አይታይም። ፈታሹ ለምን ዝም አለ? የሚጠይቀው «ቋንቋ ተጽፏል ወይ? የተጻፈውስ የታወቀ ኮድ ነው ወይ?» ብቻ ስለሆነ ነው። አዎ ተጽፏል፣ አዎ የታወቀ ነው። ገጹ ውስጥ ያለው ፊደል ሀ ይሁን ኤ አያገባውም።

ቀጠሉ። ኤች ተጫኑ፤ ከርዕስ ወደ ርዕስ መዝለያ ናት። ርዕስ የለም አላቸው። ርዕሶቹ አሉ፣ ግን እኔ ተራውን ጽሑፍ አተልቄና አድምቄ ነው የሠራኋቸው። ከዚያ ኢንሰርትና ኤፍ 7 ተጫኑ፤ የሊንኮች ዝርዝር ተከፈተ። በቀስቱ ወረዱ። ተጨማሪ ያንብቡ። ተጨማሪ ያንብቡ። ተጨማሪ ያንብቡ። 14 ጊዜ። በስምንተኛው ላይ ቡናው ትን አለኝ። «የምኑን ተጨማሪ?» አሉ ጋሼ፣ ሳይቆጡ፣ ልክ ያልሠራነውን የቤት ሥራ ሲጠይቁን እንደነበረው።

አንድ ሌላ ነገርም አሳዩኝ። አንዳንዱ ዜና ላይ አንባቢው ዓረፍተ ነገር ጨርሶ አያርፍም፣ ይነጉዳል። ጸሐፊው አራት ነጥብ ከመተየብ ሁለት ኮለን ደርድሮ ስለሄደ ነው። ለዓይን ያው ነው። ለጆሮ ግን ትንፋሽ የሌለው ሰው ነው።

ማታ ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ ያሰብኩት ይህን ነው፤ እነዚያን ሕጎች የጻፉት ሰዎች የእኛን ገጽ አይተው አያውቁም። ጥሩ ሕጎች ናቸው፣ ግን የእኛ ችግር ሌላ ቦታ ነው ያለው። ዘዋሪው በየገጹ መግባቱ ካልቀረ የእኛንም ጥያቄ ይዞ ይግባ።

የመጀመሪያው ቀላል ነበር። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተር ለየቋንቋው ፊደል ቁጥር በሚሰጥበት ሥርዓት ውስጥ፣ የራሱ ሰፈር አለው፣ ከ1200 እስከ 137ኤፍ። ገጹ ላይ ካለው ፊደል ግማሹ ከዚያ ሰፈር ከሆነና ገጹ ራሱን እንግሊዝኛ ነኝ ካለ፣ ቀይ። አሥር መስመር ኮድ ናት። 11ዱን ድረ ገጽ ሳስፈትሽ ዘጠኙ እንግሊዝኛ ነን አሉ። ማረሙ በአንዱ ላይ አንዲት ቃል መቀየር ነው።

ሊንኮቹም አልከበዱም። «ተጨማሪ ያንብቡ»፣ «እዚህ ይጫኑ»፣ «ዝርዝር»፣ «ለማውረድ»፣ እንዲህ ያለ የቃላት መዝገብ ሰጠሁት። ሊንኩ ሌላ ስም ከሌለው ይመዘግባል።

የደከምኩበት የማስታወቂያ ፎቶው ነው። ፈታሹ የሚጠይቀው ፎቶው መግለጫ አለው ወይ ብሎ ነው፤ «ፎቶ» ብለህ ብትጽፍለት ይበቃዋል። ጋሼን ያስቸገራቸው ያ ማስታወቂያ ራሱ መግለጫ ነበረው፣ «ማስታወቂያ» ይላል። ለፈታሹ ንጹህ ነው። የአመራሩን የስብሰባ ፎቶ ከማስታወቂያ ፎቶ እንዴት ይለየዋል? በመጠን ሞከርኩ፣ አልሆነም፣ የምረቃ ፎቶ ሁሉ ተያዘ። በመጨረሻ ቴሰራክትን አስገባሁ፤ ከፎቶ ላይ ጽሑፍ የሚለቅም ነፃ ፕሮግራም ነው፣ የአማርኛ ሞዴል አለው። ወረቀቱ ጠመም ብሎ ከተነሳ የሚያነበው ግማሹ ዝባዝንኬ ነው። ግን እኔ ትክክል ማንበቡ አያስጨንቀኝም! ከፎቶው ላይ 30 የአማርኛ ቃል የሚመስል ነገር ከለቀመ ይህ ፎቶ ሳይሆን ደብዳቤ ነው ማለት ነው። ከሥሩ ያለው ጽሑፍ ባዶ ከሆነ፣ ቀይ። በመጀመሪያው ሌሊት በዚያ አንድ ድረ ገጽ ላይ ብቻ 43 ማስታወቂያ ያዘ። ከነዚህ ውስጥ ሁለቱ የግድግዳ ጥቅስ ያለባቸው የቢሮ ፎቶዎች ናቸው፣ ይቅርታ ጠይቄያቸዋለሁ።

ፒዲኤፎቹም አሉ። ስካን የተደረጉት ያው ፎቶ ናቸው። የባሱት ግን ዩኒኮድ ሳይለመድ በፊት በነበሩት የግዕዝ ፎንቶች የተተየቡት ናቸው። ሲታተሙ አማርኛ ናቸው፣ ውስጣቸው ግን የላቲን ፊደልና ምልክት ነው፣ ምክንያቱም ያኔ ፎንቱ በእንግሊዝኛው ፊደል ቦታ ላይ የእኛን መልክ ነበር የሚስለው። ለስክሪን ሪደር እነዚህ አማርኛ ሆነው አያውቁም። ዘዋሪው አሁን ያወጣቸዋል፤ ማረም ግን እንደገና መተየብ ነው፣ እሱን እስካሁን የደፈረ የለም።

ሪፖርቱን ይዤ የድረ ገጹ ባለቤት ወደሆነው መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን እ.ኤ.አ. በ2010 እንዳጸደቀች፣ 9ኛው አንቀጽ ኢንተርኔትን ጭምር እንደሚያነሳ ተናገርኩ። በአክብሮት ሰሙኝ። ሪፖርቱ ጠረጴዛ ላይ ቀረ። ከዚያ ስልኬን አውጥቼ ደብረ ሲና የቀዳሁትን ድምፅ ከፈትኩት፤ ተጨማሪ ያንብቡ ተጨማሪ ያንብቡ ግራፊክ ግራፊክ። መጀመሪያ ሳቁ። ቀጥሎ ማንም አልሳቀም።

ማስታወቂያ የምትለጥፈው ልጅ ግን ልክ ነበረች። «እኔ እኮ ፎቶ የማነሳው ማኅተሙ እንዲታይ ነው» አለችኝ። «ማኅተም የሌለው ማስታወቂያ ማን ያምናል? የውሸት ነው ብለው ይደውላሉ።» ይህን ማንም ዊካግ ውስጥ አይጽፈውም። ተስማማን፤ ፎቶው ይቀመጥ፣ ከሥሩ ጽሑፉ ይለጠፍ። ጽሑፉ እኮ እዚያው ኮምፒውተሯ ላይ በወርድ ተቀምጧል፣ ያተመችው ከሱ ነው። መቅዳትና መለጠፍ ብቻ ነው። ለእኔም ፎቶ ሲጫን ከሥሩ ጽሑፍ ከሌለ «ጽሑፉስ?» ብሎ የሚጠይቅ ሳጥን መጨመር ቀረኝ። ጨመርኩት። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ሳጥኑ ውስጥ ነጥብ እየጻፈች ማለፍ ጀመረች፤ ደውዬ ተሳሳቅን፣ አሁን በትክክል ትለጥፋለች።

ባለፈው ሰኞ ሪፖርቱን እያየሁ ጋሼ ደወሉ።

«አንተ ልጅ፣ አዲሱን የሥራ ማስታወቂያ አነበብኩት። ከላይ እስከታች፣ በአማርኛ።»

«እሰይ ጋሼ! ለልጅዎ ነገሯት?»

«ምን እነግራታለሁ፣ ስድስት ዓመት የሥራ ልምድ ይላል! ገና የተመረቀች ልጅ ስድስት ዓመት ከየት ታመጣለች? ይህንንስ ያ ማሽንህ አይዝልህም?»